ጎታች

ማሪየፍሬድ ውስጥ፣ ከወደቡ አጠገብ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፤
ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሽማግሌ ኮት ትከሻ አጠባለሁ።
አንድ ቀን ሲግብሪት ብርቱካንማ ሸራ በብብቷ ይዛ
ገባች፤ ገንዘብ የማትከፍል፣ ሁልጊዜ ዕዳዋን በዓሣ አስይዛ።

«ሱሪ ስፋልኝ» አለች፣ «ለሐይቁ የሚሆን፤
አፉ እንደ ከበሮ፣ ጭራው እንደ ቡጢ፣ እግር የሌለውን።»

ሳቅሁ። ግን ሰፋሁት።
ስፌቱን ደረብሁት።
አፉ ላይ አራት ቀለበት፣ ጭራው ላይ አንድ ገመድ፣
ውሃው በደስታ ገብቶ፣ ሲወጣ ግን በግድ።

ዋጋውን ስጠይቃት፣ «እሑድ ና» አለችኝ፣
«ውሃው ሳይፈትነው ዋጋ አትንገረኝ።»

ጀልባ ትለዋለች። እኔ ግን ሳየው
ሁለት በርሜል ላይ የተነጠፈ ሳሎን ነው።
ሶፋ አለው፣ መጋረጃ፣ ከላይም ጥላ፤
ለሜላረን ነፋስ ግን፣ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ።

ታች፣ ሰባት ሜትር ላይ፣ ጭቃና ድንጋይ በሚገናኙበት፣
ዛንደር ተኝቷል፣ ዓይኑ እንደ አሮጌ መስታወት።
እሱ አይቸኩልም። ማጥመጃው በእርጋታ ካላለፈ፣
የሮጠበትን እራት እንደ ስድብ ቆጥሮ፣ ፊቱን አዙሮ አረፈ።

የሷን አሮጌ በግራ፣ የኔን አዲስ በቀኝ
ጣልናቸው። «ጠበቅ አርገህ እሰረው» ብትለኝ፣
ዓሣ ዘሎ ነበር፤ ዓይኔ ወዲያ ሄዶ
እንደ ጫማ ክር ቋጠርሁት፣ ጣቴ ያንን ለምዶ።

ሸራው ውሃ ጠጣ። አበጠ። ገመዱ ተገተረ።
እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ የነበረው ሳሎን እርምጃውን ቆጠረ።
ነፋሱ ይገፋል፤ ውሃው ይይዛል፤
በሁለቱ ክርክር መሃል ጀልባው በሽማግሌ እግር ይጓዛል።

«ቱሬን» አለች ሲግብሪት፣ «እህቶቼ ጎታች ይሉት ነበር፣
ወደ ኋላ ጎታች! ሠርጋችንን ስድስት ዓመት ያስጠበቀ፣
ቤት ልንገዛ ስንል የጣሪያውን ክዳን አንድ በአንድ የሚቆጥር።»
ዝም አለች። ክሩን በጣቷ ለካች።
«ኋላ ገባኝ» ልትል መስሎኝ ነበር። አላለችም። አፍንጫዋን አበሰች።

«ሲሮጡ የታጠቁት» ይላል ያገሬ ሰው። ቀሪውን ገመዱ ጨረሰው፦
ተፈታ። የሁለት ቀን ስፌቴን ሜላረን ጎረሰው።

ጀልባው በአንድ እግሩ እንደቀረ ዞረ፤
ሳሎኑ ወደ ሸምበቆው፣ ወደ ድንጋዩ፣ በጎኑ በረረ።
«ሌላ ከረጢት አለ?» «የለም!» «ባልዲ?» «ተሸንቁሯል!»
ከሶፋው ሥር ሳጥን ከፈተች። ቢጫ የዝናብ ካፖርት ተጣጥፎ ተቀምጧል።

የቱሬ ነው። ማንም አልነገረኝ፤ ልብስ ሰፊ ግን ያውቃል፤
ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው ከኮሌታው ይነበባል።

«ቁልፉን ቆልፍ፣ እጅጌውን ቋጥር፣ ጠርዙን ብሳው» አለች።
ቆለፍሁ፣ ቋጠርሁ። ለመብሳት ግን እጄ እንቢ አለች።
ቢላውን ነጠቀችኝ። አራት ቦታ በሳች።

ገመዱን አስገባሁ። በዚህኛው ቋጠሮ አልቸኮልሁም፤
ሦስት ጊዜ አዞርሁት፤ ዓሣ ከኋላዬ ሲዘል እኔ አልዞርሁም።

ጣልነው።
ለጥቂት ጊዜ ተንሳፈፈ፣ ባዶ፣ ጠፍጣፋ፣ ቢጫ፤
ከዚያ ውሃው ገባበት፣ ከጠርዙ እስከ አንገቱ መውጫ።
ደረቱ ተነፋ። ትከሻው ሞላ፣ ግራው ዝቅ እንዳለ፤
ከውሃው አንድ ክንድ በታች፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ገመዱን ይዞ፣ አልንቀሳቀስ አለ።

ጀልባው ቀና አለ። ከሸምበቆው አሥር ክንድ ርቆ
ጠርዙን ተከትሎ ተንሸራተተ፣ ጨለማ ቤት እንደገባ ሰው ተጠንቅቆ።

ሲግብሪት ወደ ውሃው አጎንብሳ በለሆሳስ አንድ ነገር አለች፤
«ምን?» ስላት፣ «ላንተ አይደለም» ብላ ክሯን ወረወረች።

ዛንደር? አዎ፣ አንድ፤ ሁለት ኪሎ ከምናምን፣ ሊመሽ ሲል።
በጭራው በኩል ግማሹ ደረሰኝ፤ ስለ ሰመጠው ሸራ አልወጣንም ቃል።

ማክሰኞ መጣች፣ ካፖርቱን በብብቷ ይዛ፣ እንደ ያኔው።
ገና እርጥብ ነበር። አራቱን ቀዳዳ በጣቴ ዳስሼ፣ «ልድፈነው?»

ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ግራ ትከሻውን በመዳፏ አቃናችለት።
«አይሆንም» አለች፣ «ቀለበት እሰርለት።»